በአጥንትና በአጥንት መካከል

ጋሽ ሳልህ ከጁምዓ ሶላት ሲመለሱ ጉልበታቸው አላራምድ ብሏቸው መንገድ ዳር በኩርኩራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ አናት ይበሳል። ከጤና ጣቢያ ወደ ቤቷ የምታልፈው ነርስ ዓለምፀሐይ ጠጋ ብላ ሰላም ስትላቸው ፊታቸውን ወደ ደሴ መንገድ አዞሩ። ባለፈው ማክሰኞ ከሐኪሙ ደጅ ደህና ዋሉ ሳይሉ መውጣታቸው አሳፍሯቸዋል።

የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከያዛቸው ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ጣታቸው አይታጠፍም፤ ጉልበታቸው ያብጣል። የታዘዘላቸው ክኒን እጃቸውን ቢያስታግስላቸውም የቀኝ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሐኪሙ እዚያው ጉልበታቸው ውስጥ መርፌ እንደሚወጋቸው ነገራቸው። ተራ ሲጠብቁ ግን ከአንዲት ሴት ጉልበት በመርፌ ቢጫ ውሃ ሲቀዳ በበሩ አዩና ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ።

ዓለምፀሐይ ምን እንዳስፈራቸው በትሕትና ጠየቀቻቸው።

«መቅኔዋን ነው የቀዱት፣ ልጄ። መቅኔው ያለቀ እግር ይሰልላል። አንቺ ብትማሪም እኔም ዓይን አለኝ።»

አልሳቀችም። የሰፈሩ አራጅ እሳቸው መሆናቸውን ታውቃለች።

«የፍየል እግር ከጉልበቱ ሲለዩ አጥንት ይሰብራሉ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ምን በወጣኝ። እሱ የእንጨት ፈላጭ ሥራ ነው። መጋጠሚያውን ፈልጎ ቢላዋ ማሳለፍ ነው እንጂ።»

«ቢላዋው ሲያልፍ ታዲያ መቅኔ ይፈሳል?»

«መቅኔማ አጥንቱ ሆድ ውስጥ ነው። እዚያ ያለው የሚያሟልጭ ውሃ...» ብለው ያበጠ ጉልበታቸውን ዳሰሱ።

«መርፌውም የሚሄደው በቢላዋዎ መንገድ ነው። ያዩት ያንን ውሃ ነው። መጋጠሚያው ሲቆጣ ይበዛል፣ ይደፈርሳል፣ ጉልበቱን ይወጥራል።»

ጋሽ ሳልህ ያድን እንደሆነ ጠየቁ። እሷም አላባበለቻቸውም። መድኃኒቱ በሽታውን ከሥሩ እንደማይነቅል፣ እብጠቱን አብርዶ ለሳምንታት፣ ቢቀና ለወራት እንደሚያሳርፍ፣ ክኒኑን እንደማያስቀርና ቶሎ ቶሎ እንደማይወጋ አስረዳቻቸው። ከተወጉ በኋላ እግራቸውን እንዲያሳርፉ፣ ጉልበታቸው ቢቀላ ወይም ቢያተኩሳቸው ግን ሳያድሩ እንዲመጡ አሳሰበቻቸው።

«ሱጁድ እወርዳለሁ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ካለፈው አረፋ ወዲህ ግንባራቸውን መሬት ማስነካት አቅቷቸው የሚሰግዱት ወንበር ላይ ነው። ኢማሙ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው ቢሏቸውም ልባቸው አልረጋም።

«ቃል አልገባልዎትም። ብዙ ሰው ግን ተወግቶ ጉልበቱን አጥፏል።»

«ቃል ብትገቢልኝ አልመጣም ነበር። የሚምልልኝ ደላላ ነው።»

ማክሰኞን ሳይጠብቁ በማግስቱ ሄደው ቀጠሮ አስያዙ። በቀጠሯቸው ቀን ሐኪሙ ጉልበታቸውን አጽድቶ ውሃውን ቀዳ፤ መድኃኒቱንም ወጋ። ጋሽ ሳልህ ሲሪንጁን አተኩረው አይተው «የፍየሏ ውሃ ነው» ሲሉ ሐኪሙ ግራ ገባው፤ ዓለምፀሐይ ብቻ ፈገግ አለች።

ከቀናት በኋላ እብጠቱ ጎደለ። በቀበሌው ሱቅ ለስኳር ተሰልፈው መቆም፣ ያለ ሰው እርዳታ ተቀምጠው መነሳት ቻሉ። ክኒናቸውንም አላቋረጡም። ሰው የአካሉን ነገር ጠይቆ ሲረዳ ፍርሃቱ ይቀልለታል፤ ሕመሙም ሳይብስበት ይታከማል። እሳቸውም ጉልበታቸው ያበጠባቸውን ጎረቤቶች ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩ ጀመር፤ ሁሉንም በፍየል ጉልበት እያስረዱ።

አንድ ጁምዓ ወንበሩን ለሌላ ሽማግሌ ለቅቀው ከሰጋጆቹ ሰልፍ ገቡ። ቀስ ብለው፣ በእጃቸው ተደግፈው ወረዱ። ግንባራቸው ምንጣፉን ነካ። ኢማሙ «አላሁ አክበር» ብለው ሌላው ቀና ሲል ጋሽ ሳልህ ጥቂት ዘገዩ። ጉልበታቸው ግን አልነበረም ያዘገያቸው።