ሰላምታው የማያልቅ በር

የሚሆነውን ከመሆኑ በፊት የሚያውቅ፣ ለሁሉም ጊዜ የወሰነ አምላክ ይመስገን። እርሱ በፈቀደው በአንድ ማለዳ፣ አንድ ሽማግሌ መድኃኒት ቀማሚ የኢንተርኔቱን ገመድ እንደ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ከመድኃኒት ቤታቸው ሲወጡ፣ ኮምፒውተር ከተማረችው የእህታቸው ልጅ ጋር ደጃፉ ላይ ተገጣጠሙ።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ነቀልኩት! የሕሙማኑ ምስጢር ያለበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ሌቦች በኢንተርኔት ቀኑን ሙሉ ሲያንኳኩት ይውላሉ። አንዱ ‘አስተዳዳሪው ነኝ’ ይላል፤ ሌላው ይለፍ ቃል ይገምታል። ከእንግዲህ ገመዱን ያንኳኩ!»

«የሚያንኳኳው እኮ ሰው አይደለም፤ ከበር በር የሚዞር ፕሮግራም ነው። ገመዱ አንገትዎ ላይ ከዋለ ግን፣ በቅርንጫፍ መድኃኒት ቤትዎ ያለችው ልጅዎ ለማን የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማ በምን ታያለች?»

ሽማግሌው ይህን አላሰቡም ነበር። አይጥ ገባ ብሎ ጎተራ ማቃጠል የቁጡ ሰው ብልሃት ነውና። ሆኖም እጅ መስጠት አልለመዱም።

«ታዲያ ሌባውን ላስተናግደው?»

«ያስተናግዱት እንጂ! እውነተኛውን መግቢያ ወደ ሌላ በር አዛውረን በጠንካራ ቁልፍ እንዘጋዋለን። በተለመደው በር ላይ ግን አስመሳይ ሰርቨር እናቆማለን። እርሱም ሰላምታ ይጀምራል እንጂ አይጨርስም። አንድ መስመር ይልካል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ሌላ ይልካል። የሌባው ፕሮግራምም ሰላምታው እስኪያልቅ ይጠብቃል። እዚህ የተያዘ እጁ የሌላ ሰው በር አያንኳኳም።»

«ወግጂ! በስተርጅና አታላይ ልታደርጊኝ?»

«ሰርቨሩ ምን ሐሰት ተናገረ? ‘እንደምን አደርክ’ ብቻ ነው ያለው! ደግሞስ ያ የሽያጭ ሠራተኛ በመጣ ጊዜ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤቶቹ፣ ስለ አማቱ ጉልበት ሲጠይቁት ውለው ሻንጣውን ሳይከፍት አልሄደም?»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በጢማቸው ሸሸጉ። «የአማቱን ጉልበት እንኳ ከልቤ ነው የጠየቅሁት» አሉና ገመዱን ከአንገታቸው ፈቱ።

ልጅቱ ሥራዋን ጨርሳ መስመሩን እንዳገናኘች ከቅርንጫፉ ስልክ ተደወለ።

«አባዬ፣ መስመሩ ባይመጣ ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር! ለዚህ በሽተኛ ፔኒሲሊን ላነሣለት ስል፣ እንደማይስማማው አየሁ።»

ሽማግሌው አምላካቸውን አመስግነው ስልኩን ዘጉ። ወደ እህታቸው ልጅ ዞረውም ጠየቁ፦

«ያ እንግዳችን እንዴት ነው?»

«ሰላምታውን እየተቀበለ ነው፤ ከኋላውም ሌሎች ቆመዋል።»

«ይቁሙ! እኛ አንቸኩልም።»

እነሆ፣ ጠንካራ ቁልፍ ቤትን ይጠብቃል፤ አስመሳይ በር ደግሞ የወንበዴውን ጊዜ ይበላል፤ ለጎረቤትም እፎይታ ይሆናል። ቁልፉን ረስቶ በማዘግየቱ ብቻ የሚመካ ግን ተሳስቷል። ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ጌታ መውጫችሁንና መግቢያችሁን ይጠብቅ፤ ቤታችሁን ወዳጅ የማይጠፋበት፣ ክፉ ከደጅ የሚቀርበት ያድርግላችሁ። አሜን።