በሚካኤል ዕለት የተጠቀለለው ሣር

በእኛ ጊዜ ግቢ ባለሙያ አልነበረውም። ግቢ ማለት በር ከፍተሽ የምትረግጭው መሬት ነው፤ በግ ይታሰርበታል፣ ገብስ ይሰጣበታል፣ ክረምት ሲሆን ይጨቀያል፣ በቃ። ዛሬ ግን አንቺ የወንድሜ ልጅ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ድረስ መጥተሽ፣ ስልክሽን አፌ ሥር ደቅነሽ፣ «እትዬ፣ የአዲሱ ቤቴ ግቢ ውሃ ያቁራል፤ የሚያሳምርልኝ ባለሙያ ይጠቁሙኝ» ትዪኛለሽ። እጠቁምሻለሁ፤ ለምን አልጠቁም? እኔ እኮ በንፋስ መውጫ ግቢ በማሳመር የታወቅሁ ሴት ነኝ። ያገኘሽውን ሰው ጠይቂ፣ ይነግርሻል። እየሳቀ ይነግርሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ስትሞት አባትሽ ምን እንዳለ አንቺ አልሰማሽም። «ይኼ የጭቃ ቤት ነገ ተነገ ወዲያ መፍረሱ አይቀርም፤ ሳይፈርስ እንሽጠው፣ ገዢው ሱቅ ይሥራበት» አለ። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ድሬዳዋ፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ የሰው መጽሐፍ አቧራ ስጠርግ የኖርኩ፣ የራሴ የምለው አንድ ግድግዳ የሌለኝ ሴት፣ «አይፈርስም፤ ገብቼ እኖርበታለሁ» አልኩ። አባትሽ ሳቀ። ያንን ሳቁን ታውቂዋለሽ። «እሺ፣ ግቢ። አንዲት ግድግዳ የወደቀች ቀን ግን ይሸጣል» አለ፣ እና በሽማግሌ ፊት ተስማማን። ታዲያ ያ ቤት ለእኔ ምን እንደ ነበረ ይገባሻል። እሱ ከወደቀ እኔ ተመልሼ የሰው ክፍል ተከራይ ነኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

እና እንደ ገባሁ፣ ቤቱን ልጠግን ይገባኝ ነበር አይደል? የለም! ግቢውን አየሁና አፈርኩ። ድሬዳዋ ሳለሁ ስለ አትክልት ቦታ የተጻፈ፣ ያላነበብኩት መጽሐፍ አልነበረም፤ ድንጋይ እንዴት እንደሚደረደር፣ ሣር እንዴት እንደሚታጨድ፣ ሁሉን አውቃለሁ። የእናቴ ግቢ ደግሞ ከላይ ባሕር ዛፍ፣ ከታች አረንቋ፣ መኻሉን ከላይኛው አጥር ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ከግቢው በታች እስካለው ገደል አፍ የሚወርድ ቦይ። አባቴ በበሬ የሳበው ፈሰስ ነው፤ ዝናብ እርሻውን እንዳይጠርገው ገበሬ ማሳው ላይ እንደሚያወጣው ያለ። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ ወድቄበታለሁ! በፋሲካ፣ በአዲስ ቀሚስ ወድቄበታለሁ። መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው አልኩ።

ታዲያ ባለሙያ ጠየቅሁ፣ ኤልያስ የሚባል ጎረምሳ አመጡልኝ። ባጃጅ ሲነዳ ቆይቶ፣ ሁለት ወር ባሕር ዳር ከርሞ «ላንድስኬፐር» ሆኖ የተመለሰ። መጣ፣ እና መሬቱን አላየም፤ ስልኩን አየ።

«ማዘር፣ ይኼን ተመልከቺ፤ ዱባይ ነው።»

«ያለነው ንፋስ መውጫ ነው ልጄ።»

«ኖ ፕሮብሌም ማዘር፣ አይዲያውን ነው የምንወስደው። እዚህ ሣር፣ እዚህ ዘንባባ።»

«ዘንባባ ይኼን የጉና ብርድ ይችለዋል?»

«ይለምደዋል።»

ይለምደዋል! እኔ እዚሁ ተወልጄ ያልለመድኩትን ብርድ፣ ከቆላ የመጣ ዘንባባ ይለምደዋል። ግን አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የሚያሳየኝ ሁሉ መጽሐፍ ላይ ያየሁትን ይመስላል። «ይኼ ቦይስ?» አልኩት። «ሌቭል እናደርገዋለና!» አለ፣ በእጁ አየሩን እየደለደለ።

አፈር እንዲያለብስ የቀጠረው አያ አበጀን ነው፤ ያ ድንበርተኛችን፣ ከአባቴ ጋር ሲያርስ የኖረው ገበሬ። አያ አበጀ ቦዩ ጋ ሲደርስ አካፋውን ተከለና ተደገፈው።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ፈሰስ ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ አያ አበጀ።»

«አባትዎ ናቸው ያወጡት።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ! የውሃ ነገር አሁን በመጽሐፍ ተጽፏል። ሣሩ ራሱ ውሃውን ይጠጣዋል።»

«ሣሩ?»

«አዎ፣ ሣሩ።»

«እንግዲህ ከጠጣው» አለና ሞላው።

አየሽ፣ እሱ ከት ብሎ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት ሲያልቅ ሣሩ ከባሕር ዳር በአይሱዙ መጣ፣ እንደ ሰሌን ተጠቅልሎ። ዘረጉት። ዘንባባው ተተከለ። ኤልያስ ከዚህም ከዚያም ቆሞ ፎቶ አነሣ፤ «ማዘር፣ ፈገግ በይ!» አለኝ፣ እኔም ሞኟ ፈገግ አልኩ። በሳምንቱ በረዶ ወርዶ ዘንባባውን እንደ አሮጌ መጥረጊያ ዘነጣጠለው። ደወልኩለት። «ማዘር፣ ይኼ ኔቸር ነው፤ የተፈጥሮ ነገር» አለኝ። ለካ እስከዚያ ድረስ ሲሠራ የቆየው ከተፈጥሮ ውጭ ኖሯል።

ታዲያ ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ሚካኤል ዕለት፣ ሕዝቡ ከንግሥ ተመልሶ ነጭ እንደ ለበሰ፣ በቀትር ዝናቡ ወረደ። ዝናብ ነው እንዴ ያ! ውሃው ከኮረብታው ተንደርድሮ ከአጥሬ ጥግ ደረሰና የለመደውን መንገድ አጣው። ሣሩም አልጠጣ። አንዲት ጉንጭ አልጠጣም። ውሃው በላዩ ላይ ተንሸራቶ፣ ዞሮ፣ ቀጥ ብሎ የእናቴን ጓዳ ግድግዳ ያዘ። ጭቃው ከሥሩ ሲሟሟ ቆሜ አየሁ፤ እናቴ በእግሯ የረገጠችው ጭድ እየወጣ ይንሳፈፋል። የአባትሽ ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ኤልያስ ጋ ደወልኩ። «ማዘር፣ ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው፣ ደሞ ኔትወርክ...» አለና ጠፋ። ወደ አጥሩ ሮጥኩ፣ እኔ፣ በዚህ ጉልበቴ። «አያ አበጀ! አካፋ!» አያ አበጀ ጋቢውን ተከናንቦ ባዶ እጁን መጣ።

«እትዬ፣ ዛሬ መሬት አይነካም።»

«ቤቴ እየፈረሰ ነው!»

«አያለሁ። ግን ሚካኤልን አላስቀይምም።»

«በሬህ ገደል ቢገባ በበዓል አታወጣውም?»

«በሬማ አወጣለሁ። ይኼ ሣር ነው።»

ሰው እንዲህ ይባላል? እኔ እያለቀስኩ፣ እሱ ጎንበስ አለና የሣሩን ጫፍ በሁለት ጣቱ ያዘ፣ ሳብ አደረገ። እሺ ብሎ ተነሣለት። ሥር የሚባል አልሰደደም።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ይኼ መሬት አይደለም እኮ። ይኼ ምንጣፍ ነው። ምንጣፍ መጠቅለል ሥራ አይባልም።»

እና ጎረቤቱን ጠራ። ባሎችም ሚስቶችም በበዓል ልብሳቸው ገቡና ሣሬን ጠቀለሉት፣ ድግስ እንዳለቀበት ቤት ምንጣፍ። እኔም በጉልበቴ ተንበርክኬ ጠቀለልኩ። ከሥር ያለው የተሞላ አፈር ገና ልል ነው፤ ውሃው እንዳገኘው ጠራርጎት ሄደ። አንዲት ስንዝር ቦታ አልሳተም፤ ከአጥሩ ጥግ እስከ ገደሉ አፍ፣ የአባቴን ፈሰስ በፊታችን መልሶ አወጣው። አካፋ ያነሣ ሰው የለም። አያ አበጀ እጁን አጣምሮ አየና «እንግዲህ የሠራው ውሃው ነው፤ ኃጢአቱም የሱ ነው» አለ።

ግድግዳው ቆመ። ከሥሩ አንድ ክንድ ያህል ተበልቶ ነበር፤ በማግሥቱ አያ አበጀ በጭቃ ደፈነልኝ። ሲደፍን «ያኔ ለምን አጥብቀህ አልነገርከኝም?» ብዬ ጮኽኩበት፤ ጥፋተኛ መፈለጌ ነው መቼስ።

«መጽሐፍ አለ አሉኝ» አለ ጭቃውን እየለቀለቀ። «እኔ ደሞ ማንበብ አልችል።»

አርባ ዓመት ያነበብኩትን ሁሉ ትቼ ጭቃ አቀበልኩት። አባትሽም መጥቶ ግድግዳውን በዱላው ነካ ነካ አደረገና «ቆሟል» አለ፣ ቅር እያለው። ሣሩን በጎቹ በሉት፤ ከባሕር ዳር ድረስ በመኪና የመጣ ቁርስ። ስለዚህ ልጄ፣ ባለሙያ ከመጥራትሽ በፊት ዝናብ ሲዘንብ ወጥተሽ ቁሚ፤ ውሃው የት መሄድ እንደሚፈልግ እዪ። ከዚያ ያንን ሰፈር በበሬ ያረሰ ሽማግሌ ፈልጊና ጠይቂው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚናገር፤ ስልክሽን አስቀምጠሽ ስሚው። ምነው፣ አቀረቀርሽ?

«እትዬ... እኔ እኮ አንድ ልጅ ነገ እንዲጀምር ቀጥሬዋለሁ። የሠራውን ግቢ ፎቶ አሳይቶኝ፣ በጣም አምሮኝ ነው።»

ምን ዓይነት ግቢ?

«አረንጓዴ ሣር ያለው፣ ዘንባባ ያለው። ከዘንባባው ሥር አንዲት ሴትዮ ፈገግ ብለው ቆመዋል፤ ፊታቸው ጥርት ብሎ አይለይም እንጂ...»

(እትዬ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በነጠላቸው ጠረጉት፣ እንደገና ሳቁ።)

እንግዲህ ከጠጣው!