የባህሉ ቀላል ግማሽ

ወደ አሳይታ የምንሄድበት ሚኒባስ ከሰመራ ሳይወጣ የምርጫ ቅስቀሳ ሰልፍ ለማሳለፍ ቆመ። እጩው ከፒካፕ ላይ እጁን ያውለበልባል። ከኋላዬ አንድ መምህርና አንድ የአፋር ሽማግሌ ወሬ ጀመሩ።

«አባባ፣ ከእጩው ጎን የቆመው ያ የመንደሩን የውሃ ሞተር ነቅሎ እርሻው ላይ የተከለው ሰውዬ አይደለም እንዴ?»

«ራሱ ነው።»

«እጩው በምርጫ ሰሞን እንኳ ትንሽ አይርቀውም?»

«መምህር፣ የኛን ባህል አታውቅም። ሰው ሲያጠፋ ጎሳው አይሸሸውም፣ አብሮት ይቆማል።»

«ሌባም ቢሆን?»

«ሌባም ቢሆን። ግን መጀመሪያ ሽማግሌ ፊት ቀርቦ አጥፍቻለሁ ይላል። ከዚያ ከየቤታችን ፍየል አዋጥተን እንክሳለን።»

«ይሄኛው ቀርቦ አመነ?»

«የት ቀርቦ!»

«ሞተሩስ ተመለሰ?»

«ወላሂ፣ ዛሬም የሱን ቴምር ነው የሚያጠጣው።»

«እንግዲያው እጩው የያዘው የባህሉን ግማሽ ነዋ።»

«ቀላሉን ግማሽ።»

«ታዲያ እርስዎ ድምፅዎን ለሌላ ይስጡ።»

«ለሌላ? እጩው የእህቴ ልጅ እኮ ነው!»

«ቢሆንስ?»

«እሱ ሞተር የሰረቀውን ካልተወ፣ እኔ ምንም ያልሰረቀውን እንዴት ልተወው?»

ትናንት ቅስቀሳ ላይ የታደለኝን፣ የእጩው ፎቶ ያለበትን ኮፍያ አውልቄ ትንሽ አየሁትና፣ ፀሐዩ በመስኮቱ ስለበረታብኝ መልሼ አደረግኩት።