የሚንገዳገደው በርጩማዬ

ከትምህርት ቤት መልስ ከእንጨት ጋር መታገል እወዳለሁ። በገዛ እጄ የሠራሁት የመጀመሪያ በርጩማ ግን ሲቀመጡበት እየተንገዳገደ አስቸገረኝ። አጎቴ «የእንጨት ሥራ ኤግዚቢሽን ውሰጂው፤ በእኛ ጊዜ ሽማግሌ አናጢዎች መላጊያ እያስያዙ ያስተምሩን ነበር» አለኝ። አቅፌው ቃሊቲ ወዳለው አዳራሽ ሄድኩ። በር ላይ ፈታሿ «ሚጣ፣ መቀመጫሽን ይዘሽ ነው የምትጎበኚው?» ብላ ሳቀችብኝ።

ውስጥ ሽማግሌም መላጊያም የለም። ያለው ቤታችንን የሚያክል ማሽን ብቻ ነው፤ ጎብኚው ደግሞ ከሻጮቹ ያንሳል። እንደምንም ደፍሬ ከረባት ያሰረ ሻጭ ጋ ቀረብኩና «ጋሼ፣ ይሄ ለምን ይንገዳገዳል?» አልኩት።

«ፋብሪካችሁ የት ነው?»

«በረንዳችን ላይ።»

ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ በርጩማውን ተቀብሎ መሬት ላይ አስቀመጠና ነቅነቅ አደረገው። «አንዱ እግሩ አጥሯል። እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ማሽን ይዤ ሌሎቹን እግሮች የማሳጥርበት አንድ የእጅ መጋዝ የለኝም፤ ቆይ» አለና የማሽኖቹ ፎቶ ያለበትን የሚያብረቀርቅ ወረቀት አጣጥፎ ካጠረው እግር ሥር ሸጎጠው። ተቀመጠበት። ቀጥ አለ! «ኡፍ! ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ነበር» ብሎ እግሩን ዘረጋ።

ተነስልኝ ማለት አፍሬ አጠገቡ ተገትሬ ቀረሁ። በመሃል አንድ ጎብኚ መጡና ማሽኑን ትተው «ይሄ በርጩማ ይሸጣል?» አሉ።

«አይሸጥም!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ እንደዚያ እንደሚወጣ አላውቅም ነበር፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ።

ሻጩ ግን ንቅንቅ አላለም። «ልክ ናት፣ አይሸጥም» አለ። «እኔም ገና አልጠገብኩትም።»