ውሃ ላጣ ግቢ የመጣ የውሃ መኪና

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ክቡራትና ክቡራን፣ አብረን ያረጀን ባልደረቦቼ፤

አዳራሹን ላስዋባችሁ፣ ወንበር ለደረደራችሁ፣ በየፊታችን የታሸገ ውሃ ላስቀመጣችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ያን ሁሉ ሙገሳ ስሰማ የሞትኩ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። አይዟችሁ፣ ጡረታ ነው የወጣሁት። ምላሴም አብሮኝ አለ።

«ትዕግሥተኛዋ የተማሪዎች ዲን» አላችሁኝ። ማን ነው ትዕግሥተኛ ያላችሁ? የእኔ ትዕግሥት ካለቀ ሰንብቷል። ዛሬ ንዴቴን ጨርሼ ልሄድ ነው የመጣሁት።

ተማሪዎቹ ያወጡልኝን ስም ታውቁታላችሁ፤ «ወይዘሮ ትንሽ ቆዩ»። ምን ያድርጉ? የመኝታ ሕንፃዎቹ ቧንቧ ደርቆ፣ ሽንት ቤቱ አላስገባ ብሎ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ እናንተ ዘንድ። ጥገና ክፍል ስሄድ «ፓምፑ ተቃጥሏል፣ ግዥን ይጠይቁ»። ግዥ ስሄድ «በጀትን ይጠይቁ»። በጀት ስሄድ «ጥገና መቼ ጠየቀን?»። ዞሬ ዞሬ ስመለስ ልጆቹ በሬ ላይ ናቸው። ምን ልበላቸው? ትንሽ ቆዩ!

ስብሰባማ ተሰብስበናል። ውሃ ስንወቅጥ ዋልን እንዳልል፣ የሚወቀጥ ውሃ አልነበረም።

ባለፈው ወር ልጆቹ ባዶ ባልዲና ጀሪካን እየደበደቡ ወጡ። ጆሮ ይበጥሳል፣ አልዋሽም። ግን ባልዲ ነው የያዙት። ከመካከላችን አንዱ፣ ራሱን ያውቃል፣ አሁን ኬክ እየበላ ነው፣ ስልክ አንሥቶ ፖሊስ ጠራ። ፖሊስ ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? ውሃ የሚረጭ መኪና!

አዛዡ ጨዋ ሰው ነው፤ ወደ እኔ መጣና «እናቴ፣ ታንከሩ ጎድሎብናል። ከግቢያችሁ እንሙላ፤ ውሃው የት ነው?» አለኝ።

«ልጄ፣ እነዚህ ልጆች እኮ የወጡት ውሃ ስለሌለ ነው።»

«እሱ አልተነገረኝም» አለ፤ ፊቱ ላይ እንዳየሁት እውነቱን ነው።

ይኼኔ ከላይ ተደወለ። ለአስተዳደር ሕንፃው ተጠብቆ የተቀመጠው ውሃ ይሞላላቸው ተባለ። ለካ ውሃ ነበረን! ልጆቹ ቆመው እያዩ ቱቦው ተዘረጋ፣ መኪናው ግጥም ብሎ ሞላ። ድንጋይ ያነሡት ያን ጊዜ ነው።

ድንጋዩን አልደግፍም። ፊት ለፊታቸው ሰድቤያቸዋለሁ። ግንባሩን የተፈነከተው ፖሊስም የእናቱ ልጅ ነው። ግን ዱላው እስከ ሴቶቹ መኝታ ቤት ኮሪደር ድረስ ምን ሊሠራ ገባ? አልጋ ሥር የተደበቀ ልጅ በእግሩ ተጎትቶ የሚወጣው የምን ሁከት አስነሥቶ ነው?

የተማሪዎቹን ተወካይ ታውቋታላችሁ። ድምጿ ማጉያ ስለማይፈልግ «ማይክ» የሚሏት ልጅ። በተማሪዎቹና በፖሊሶቹ መሃል ቆማ «ድንጋዩን አስቀምጡ! ባልዲ ይዘን ነው የመጣነው!» ስትል እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እዚያው ፖሊሶቹ በዱላ ክንዷን ሰበሯት። እኛ ደግሞ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆንንባት፤ «ሁከት አነሣሥታለች» ብለን አባረርናት። ልትመረቅ አንድ መንፈቅ ሲቀራት!

ያየሁትን ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ተናገርኩ። «ሐሳብዎ ተመዝግቧል» አሉኝ። አባቷ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ቢሮዬ መጥቶ፣ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ «ለጩኸትስ ልጄ አታንስም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ድንጋይ ግን አትወረውርም» አለኝ። አብሬው አለቀስኩ።

ፓምፑስ? በዚያው ሳምንት ተገዛ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይሄ ነው። ይቻል ከነበረ ልጅቷ ስለ ምን ተሰበረች? የጠየቀችው ትክክል ከነበረ ስለ ምን ውጭ ትቀራለች?

ይግባኟ ነገ ይታያል። የሚያዩት ሰዎች በሙሉ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቻችሁ ዓይኔን እየሸሻችሁ ነው።

ለስንብትሽ የምትፈልጊውን ሰው ጥሪ ብላችሁኝ ነበር። እሷን ጠራኋት። ጥበቃው «የተባረረ ተማሪ አይገባም» ብሎ ከበሩ መለሳት። አልፈርድበትም፣ ትእዛዙ የእናንተ ነው። ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ ውጭ ቆማለች።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ጤናና ዕድሜ ይስጣችሁ። የወለዳችሁትንም ያስተማራችሁትንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ። በእኔ ወንበር የምትቀመጠዋ ጎሮሮዋ አይድረቅ። ተማሪ ጥያቄ ይዞ በራችሁን ሲያንኳኳ መልስ አይጥፋባችሁ፤ ፖሊስ ሳይጠራ የምትነጋገሩበት ዘመን ያምጣላችሁ።

አሁን ኬኩን ይዤ ወደ በሩ እሄዳለሁ፤ ስንብቴ እዚያ ነው። ነገ የምትፈርዱባት፣ ዛሬ መጥታችሁ ፊቷን እዩት። ከዚያ በኋላ እንደ ኅሊናችሁ።

ኑ፣ እንሂድ። ልጅቷ ፀሐይ ላይ ናት።