ከአለቃችን ኮምፒውተር የተነቀለው ሜሞሪ

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉማ፣ ዛሬ አይላን የምንሸኝበት ቀን ነው! ዱግ፣ ሳህንህን አስቀምጥ፤ ድንቹ አይሸሽህም።

አይላ ኮስኪ ኮምፒውተር ልትጠግን እዚህ ካውንቲ መንገድ ክፍል የመጣች ቀን፣ እኔ ጨዋው፣ "እንኳን ደህና መጣሽ" ብዬ እጄን ዘረጋሁላት። "እንዳትነካኝ!" ብላ ጮኸችብኝ። ክው አልኩ። ሄዳ የማሞቂያውን ቧንቧ ዳበስ ዳበስ አደረገችና ተመልሳ ጨበጠችኝ። ለካስ በእኛ ደረቅ የበረዶ ወራት ሰውነት ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ በሌላው እጇ የኮምፒውተር ሜሞሪ ይዛ ስለነበር እንዳይቃጠል ኤሌክትሪኩን ቧንቧው ላይ ማራገፏ ነው። እኔ ግን የሃይማኖቷ ሥርዓት መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ቧንቧውን አብሬያት ስዳብስ ሰነበትኩ።

ከዚያ ወዲህ እዚህ ቢሮ ላጲስ ያለው እርሳስ ያየ አለ? የሜሞሪውን የብረት ጥርስ በላጲስ አሽታ ካላጸዳች አይሆንላትም። ኮምፒውተሬ ተበላሸ ብሎ የጠራትማ ወዮለት።

"ምን ነካካህ?"

"ኧረ ምንም አልነካሁም!"

"ምንም ያልነካ ሰው እኔን አይጠራም።"

አለቃችን ክሊፍ አዲስ ኮምፒውተር የመጣለት ጊዜስ? የስክሪኑ ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ስላልተጫነ ፊደሉ ሁሉ ቡጢ ቡጢ አክሎ ወጣ። እሱ ሆዬ "ለዓይኔ አስባችሁ ነው" ብሎ እየዞረ አመሰገነን! አይላ ድራይቨሩን ጭና ስታስተካክልለት "አበላሸችብኝ" ብሎ አኮረፋት። ክሊፍ፣ አትሳቅ፤ ስምህ ገና ይነሳል።

ያን የየካቲት የበረዶ አውሎ ነፋስ መቼም አልረሳችሁትም። ሌስተር በበረዶ መጥረጊያ መኪናው የሐይቁን ዳር መንገድ ይዟል፤ ከመስታወቱ ወዲያ የሚያየው ነጭ ብቻ ነው። እኔ እዚህ ሆኜ መኪናውን ኮምፒውተሬ ካርታ ላይ እያየሁ "ግራ ያዝ፣ ቀኝ ያዝ" እያልኩ በሬዲዮ እመራዋለሁ። በመሃል ስክሪኔ ሰማያዊ ሆነና ድርግም! አስነሳሁት፤ መልሶ ድርግም።

"የት ነኝ?" ይለኛል ሌስተር። ምን ልበለው? "ባለህበት ቁም" አልኩት።

ክሊፍ "ድራይቨር ይሆናል፣ እንደገና ጫኚው" ሲል አይላ ጠረጴዛዬ ሥር ገብታለች። "በተነሳ ቁጥር በሌላ ሰበብ ነው የሚወድቀው። ሜሞሪው ነው" አለች። ነቀለችው፣ አሸችው፣ መለሰችው፤ እምቢ አለ። ብድግ ብላ ክሊፍ ቢሮ ገባች፤ የኮምፒውተሩን ገመድ መዥረጥ፣ ሜሞሪውን ንቅል!

"አይላ! ሪፖርቴ! ቀኑን ሙሉ የጻፍኩት!"

"ሪፖርቱን ነገ ደግመህ ትጽፈዋለህ። ሌስተርን ግን ደግመን አንጽፈውም።"

የክሊፍን ሜሞሪ እኔ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካው ካርታው መጣ። መኪናው መንገዱን ስቶ ሐይቁ ላይ ነው የቆመው፤ ያንን የሚያህል ብረት ተሸክሞ ከውኃው በላይ፣ ስስ በረዶ ላይ!

"ሌስተር፣ ወደ ኋላ! በመጣህበት ዱካ፣ ቀስ ብለህ!"

መኪናው ካርታው ላይ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲሳብ እያየሁ ጠበቅሁ። ኋላ ላይ "መንገዱ ላይ ነኝ" አለ። እኔ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። አይላ ምን አለች? "ክሊፍ፣ ሜሞሪህን ነገ እመልስልሃለሁ።" ይኸው እስከ ዛሬ!

አይላ፣ ያን ቀን ላመሰግንሽ ስል ገመድ ልሰብስብ ብለሽ አመለጥሽኝ። ዛሬ መሸሻ የለሽም። አንቺ ባትኖሪ ኖሮ የሌስተርን ሚስት በር የማንኳኳው እኔ ነበርኩ። እንዴት ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ነበር። ከዚያ ነው ያወጣሽኝ፤ ውለታሽ አለብኝ፣ እወድሻለሁም። የእንፋሎት ቤትሽ፣ ሳውናሽ ይሙቅ፣ ዓሣው መንጠቆሽን ይንከስልሽ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ስልክሽ ከጮኸ እኛ ነንና አታንሺው።

በሉ፣ ብርጭቋችሁን ያዙ። ብርጭቆ ማንሻውን ቃል ግን እኔ አይደለሁም የምናገረው። ሌስተር፣ ተነሳ። ያን ቀን ቤትህ የገባኸው በእሷ ነውና፣ አንተ በልልን።