የተነቀለው የደወል ሽቦ

ሰው ለማያውቀው ሰው ሲዋሽ ድፍረቱ ይጨምራል፤ የሚያጋልጠኝ የለም ይላላ። ጋሽ ቁልፉም ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በሆስፒታሉ ኮሪደር ተቀምጠው የሆኑት እንደዚያ ነው።

ጋሽ ቁልፉ የተባሉት ለሃያ ሁለት ዓመት ያስተዳደሩትን የባለስድስት ፎቅ የንግድ ሕንፃ ቁልፎች በሙሉ በአንድ ቀለበት አንጠልጥለው ስለሚዞሩ ነበር። ተከራዮቹ ቁልፎቹ ሲንሿሹ ከሩቅ ሰምተው «መጡ» ይባባላሉ። ኮስታራ፣ ሰዓት አክባሪ፣ የተሰበረ መስታወት ቢያገኙ ስድስቱንም ፎቅ በቁጣ የሚያንቀጠቅጡ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን የብርቱካን ከረጢት ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ የመጠየቂያው ሰዓት እስኪደርስ የጫማቸውን ጫፍ ያያሉ።

የሥራ ጫማ የተጫማች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት መጥታ ከአጠገባቸው ተቀመጠች።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ?»

«እግዜር ይመስገን ልጄ። ታማሚ አለሽ?»

«እናቴ ተኝታለች። እርስዎስ?»

«እኔ እንኳ ዘመድ አልጠይቅም። በማስተዳድረው ሕንፃ ባለፈው ሳምንት ትንሽ እሳት ተነስቶ ነበር። አንዲት ልብስ ሰፊ ከአራተኛ ፎቅ ሲወርዱ በግፊያ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ሰው ነንና ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ቀና አለች። «እሳቱ እንዴት ሳይታወቅ ቀረ?»

«ጥበቃው ነዋ!» አሉ ጋሽ ቁልፉ፣ ድምፃቸው ነፍስ እየዘራ። «እንቅልፋም ነው። ጭሱ በመስኮት እስኪወጣ ድረስ አላየም። በማግሥቱ አሰናበትኩት። የዘንድሮ ሠራተኛ ምን ታደርጊዋለሽ? እኔ አንድ ሰው ስንቱን ልጠብቅ?»

«ሕንፃው የእሳት ማስጠንቀቂያ ደወል የለውም?»

«አለው እንጂ! ማሽን ግን ማሽን ነው፤ አንዳንዴ እምቢ ይላል።»

ይህን ብለው አፋቸውን ሳይገጥሙ በሩ ተከፈተና ነርሷ ብቅ አለች። «የልብስ ሰፊዋ ቤተሰብ ማነው? ሐኪሙ አሁን እያያቸው ስለሆነ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቁ።»

«እሺ፣ እኔ ነኝ» አለች ልጅቷ።

ጋሽ ቁልፉ ከረጢቱን ጭብጥ አድርገው ያዙ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጣቸው በወደዱ። ወንበሩ እሾህ ሆነባቸው። ልጅቷ ግን አልጮኸችም። ብትጮህባቸው ይሻል ነበር፤ ጩኸት ይችሉበታል፣ ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩበት ነው።

«ጋሼ» አለች በዝግታ፣ «ሥራዬ ለሕንፃ አስተዳዳሪዎች ሥልጠና መስጠት ነው። እናቴ ስትወድቅብኝ አላስችል ቢለኝ ትናንት ሕንፃዎን ሄጄ አየሁት። የደወሉ ሽቦ አልተቃጠለም፤ አልተበጠሰም። ተነቅሎ፣ ጫፉ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ይህን ያደረገ ሰው ጥንቁቅ ሰው ነው።»

ጋሽ ቁልፉ ያችን ፕላስተር ያውቋታል። በጥርሳቸው የቆረጧት ራሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ «ሦስት ወር ሙሉ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ አላስቀምጥ አለኛ» አሉ። «ተከራይ ያማርራል፤ እኔ ምን እንደሚል አላውቅ። ነቀልኩት።»

«ምን እንደሚል ልንገርዎ? አራተኛ ፎቅ ጣሪያ ላይ ያለችው፣ ጭስ ሲነካት ደወሉን የምታስጮኸው የጭስ መለያ በጨርቅ ብናኝ ታፍናለች። ጥረጉኝ እያለ ነበር።»

«ጥረጉኝ? ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። መሰላል፣ ለስላሳ ብሩሽና አሥር ደቂቃ።»

አንዳንድ እውነት በትንሽነቱ ይገድላል። ማሽኑ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ብልሽት ቢኖረው ኖሮ ጋሽ ቁልፉ መጠጊያ ባገኙ ነበር። አሥር ደቂቃ ግን የት ያስጠጋል? ቢሆንም የለመደ አንገት ቶሎ አይሰበርምና ተከራከሩ።

«ልጄ፣ እኔ አስተዳዳሪ ነኝ እንጂ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይደለሁም። ሲበላሽ ባለሙያ እጠራለሁ። ሁሉም በየሙያው አይደል?»

«እውነት ነው፣ ይጠራሉ። ግን መቼ እንደሚጠሩ ማን ይነግርዎታል? እናት ሐኪም አይደለችም፤ የልጇን ግንባር ዳስሳ ትኩሳቱን ግን ታውቃለች። እኛም አስተዳዳሪውን ሐኪም እናድርግህ አላልንም። ግንባር መዳሰስ ነው የምናስተምረው። ፓምፑ ጤነኛ ሲሆን ድምፁ ምን ይመስላል? የመብራት ማከፋፈያ ሣጥኑ ሲነካ ለምን ይሞቃል? አሳንሰሩ ፎቅ ላይ ሲቆም ከወለሉ ጣት ያህል ዝቅ ካለ ምን እየነገረን ነው? ይህን ያወቀ ሰው ባለሙያውን በጊዜ ይጠራል፤ መጥቶ ሲሠራም ሠራ አልሠራ ብሎ ይፈትሸዋል።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ያለዚህ ሁሉ ቆሞ የለም እንዴ?»

«ቆሟል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ለመሆኑ ጥበቃው የእሳት ማጥፊያውን የውሃ ጎማ ስቦ ሲከፍት ጠብታ ውሃ አለመውጣቱን ሰምተዋል?»

ሰምተዋል። ምክንያቱንም ያውቃሉ። የእሳት ማጥፊያው ቧንቧ መገጣጠሚያ የአንዱን ሱቅ ጣሪያ ቢያረጥብ የዚያን መስመር ዋና መዝጊያ አዙረው ቆልፈውት ነበር። ቁልፉ እዚያው ወገባቸው ላይ ነው፤ እሳቱ ሲነሳ ግን እሳቸው ከሕንፃው ውጭ ነበሩ። ሰዉ እሳቱን ያጠፋው ከመጸዳጃ ቤት በባልዲ ውሃ እየተቀባበለ ነው።

«እሱንም የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉ፣ ሳትጠይቃቸው። «ይንጠባጠብ ነበር።»

«የሚቀየረው የቀለበት ያህል ጎማ ነበር፣ ጋሼ። ባለፈው ዓመት ለሥልጠናው ደብዳቤ ልከንልዎት እንደነበር መዝገባችን ላይ አይቻለሁ።»

ደብዳቤው! ተቀብለው አንብበውት ነበር። «እኔን ነው ትምህርት ቤት የሚሰዱኝ?» ብለው ስቀው አራት አጥፈው የቢሮ ጠረጴዛቸው እንዳይነቃነቅ ከእግሩ ሥር ወትፈውታል። ይህን ግን ደበቋት።

«በዚህ ሽበት ከልጆች ጋር ደብተር ይዤ ልቀመጥ?» አሉ በምትኩ። «ያ ሁሉ ተከራይ ምን ይለኛል? አለማወቄን በአደባባይ ላውጅ?»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አለማወቅ አያሳፍርም። እኔም ፓምፕ ከነስሙ የማላውቅበት ጊዜ ነበር። የሚያሳፍረው ሳያውቁ ያወቁ መስሎ ሰው ላይ ማዘዝ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእርስዎ ሥራ የተተረተ ይመስለኛል።»

ይሄኔ ነርሷ መጥታ ግቡ አለቻቸው።

ልብስ ሰፊዋ እግራቸው በጄሶ ተጠቅልሎ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ጋሽ ቁልፉን ሲያዩ ለመነሳት ሞከሩ።

«ውይ ጋሼ! እርስዎ ድረስ? እኔን ያስጨንቀኝ፣ በሥራ ሰዓት አደከምኩዎት።»

«ኧረ ይተኙ፣ ይተኙ!»

«ያ ጥበቃ ደህና ነው? ስወድቅ ሰዉ ሁሉ ዘሎኝ ሲያልፍ፣ እሱ እንግዲህ ጎማው ውሃ እምቢ ብሎት ጥሎ መጥቶ፣ በጀርባው አዝሎ አወረደኝ። ጭሱ እንዲያ ሲያስለው ጆሮዬ ሥር ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሳልመርቀው! እባክዎ ጋሼ፣ እንዲመጣ ይንገሩልኝ።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጋሽ ቁልፉ ብርቱካኑን አስቀምጠው አልጋው እግርጌ ቆሙ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያስፈራሩበት የኖሩት ድምፅ ሰልሎ ወጣ።

«እትዬ፣ ያን ሰው አባርሬዋለሁ። ተኝቶ ነበር ብዬ። አልተኛም ነበር። ደወሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ ውሃውን የዘጋሁትም እኔ ነኝ። አሁን ደጅ ላይም ለልጅዎ ዋሽቻታለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እኔ በአልጋ ላይ ነኝ ጋሼ፤ እሱ ግን ልጆቹ ምን በሉ?»

ስድብ ቢሆን ይረሳ ነበር። ጋሽ ቁልፉ ከክፍሉ ሲወጡ ልጅቷን «ሥልጠናው መቼ ነው?» ብለው ጠየቋት።

ሥልጠናው አራት ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ ቀን ከኋላ ተደብቀው ተቀመጡ፤ ደብተራቸውንም በክንዳቸው ሸፈኑ። አሠልጣኟ፣ የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ወረቀት ላይ ብዙ አላቆየቻቸውም፤ እየነዳች ወደ ምድር ቤት አወረደቻቸው። ፓምፕ አስነሥታ «ጆሮ ይስጡት» አለች። መዝጊያዎችን አስከፈተች፣ አስዘጋች፣ የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ስም ጽፈው እንዲያንጠለጥሉ አደረገች። ጄኔሬተሩ በየሳምንቱ ለምን ለአጭር ጊዜ መነሣት እንዳለበት፣ ባትሪው ቢደክም በቁርጥ ቀን እንደሚከዳ አሳየች። አንድ ቀን «ይህ መዝጊያ የሚዘጋው መቼ ነው?» ስትል ጋሽ ቁልፉ እጃቸውን አወጡ። «በጥገና ሰዓት ብቻ፤ ያውም ለጥበቃው ነግሮ፣ ጽፎ ለጥፎ» አሉ። የልጅ ልጃቸው የሚሆን የአሠልጣኟ ባልደረባ «ትክክል!» ቢላቸው፣ ደስ አላቸውና በመደሰታቸው ደግሞ አፈሩ።

ጥበቃውን ግን ሥልጠናውን እስኪጨርሱ አላቆዩትም። ከሆስፒታሉ በወጡ ማግሥት ሰፈሩን ጠይቀው ቤቱ ሄዱ። በሩን የከፈተላቸው ራሱ ነው፤ አሁንም ያስለዋል።

«ይቅር በለኝ» አሉት ከደጃፉ።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ» አለ፣ ምን እንደሚል ጨንቆት።

«አልገባም። መጀመሪያ ስማኝ። ያስወጣሁህ በሰው ፊት ነው፤ የምመልስህም በሰው ፊት ነው። ነገ ሦስት ሰዓት ና።»

በነጋታው ተከራዮቹን ሁሉ በምድር ቤቱ አዳራሽ ሰበሰቡ። ሱቅ ያለውም፣ ቢሮ ያለውም፣ የልብስ ስፌቱ ሴቶችም መጡ። ጋሽ ቁልፉ ያደረጉትን ሳይቀንሱ ተናገሩ፤ የደብዳቤውን ነገር ጭምር። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ተቆጥቶ ወጣ። ከስፌቱ ሴቶች አንዷ «እኛ ብንሞትስ ኖሮ?» አለቻቸው። «እውነትሽን ነው» ብቻ አሉ። ጥበቃው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። ሲያልቅ «እኔ ይቅር ብያለሁ ጋሼ፤ ግን ከእንግዲህ አንድ ነገር ሲዘጋ እኔም ልወቅ» አለ። ጋሽ ቁልፉም የመዝጊያውን ቁልፍ ከቀለበታቸው አውጥተው ትርፍ ቁልፍ አስቀርጸው ሰጡት፤ ምን እንደሚከፍትም ወስደው አሳዩት።

ዓመት ሳይሞላ ሕንፃው ሌላ ሆነ። የጭስ መለያዎቹ በየወሩ ይጠረጋሉ። የሦስተኛ ፎቅ የመብራት ማከፋፈያ ሣጥን መሞቁን የጽዳት ሠራተኛዋ ነግራ፣ ገመዱ ሳይነድ ተጠገነ። አሳንሰሩ ሰው ይዞ መቆም ተወ። ተከራዮቹ በደረጃ መውረድን ሁለት ጊዜ ተለማመዱ፤ ሁለተኛው ላይ ማንም ማንንም አልገፋም። ሳይበላሽ መጠበቅ ከተበላሸ በኋላ ከመጮህ ድካሙ ያነሰ ለመሆኑ፣ ያወቀ አስተዳዳሪም ወንጀለኛ ፍለጋ ላለመሮጡ፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያሻም።

ልብስ ሰፊዋ በምርኩዝ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ጋሽ ቁልፉ ሲያገኟቸው ዛሬም ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሃፍረቱ አልለቀቃቸውም፤ እሳቸውም እንዲለቃቸው አይፈልጉም። አዲስ ሠልጣኞች በመጡ ቁጥር አሠልጣኟ ትጋብዛቸዋለች። ፊት ለፊት ቆመው፣ ከሁሉ አስቀድመው የሚሉት ይህን ነው፦

«አላውቅም ለማለት አፍሬ፣ የሰው እግር ሰበርኩ። እናንተ ዛሬውኑ እፈሩና ጠይቁ።»